ውሻው ሳይሞት የሚደርስ ሕግ

ጥያቄ፦ «የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የጎረቤቴ ውሻ የበረዶውን ወራት በሙሉ ጓሮ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ አሳለፈ። ሌሊት ሲያላዝን እንቅልፍ አጣሁ። ለፖሊስ ደወልኩ፤ መኮንኑ መጥቶ ውሻውን አየ፣ ባለቤቱን አነጋገረና ሄደ። ውሻው ግን ዛሬም እዚያው ነው። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔ ሁሉ ከ2019 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ከባድ ወንጀል ሆኗል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ሰውየው ለምን አልታሰረም? አሁን ከጥቂት ወዳጆች ጋር ሆነን ቅጣቱ ወደ አሥር ዓመት እስራት ከፍ እንዲል ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረናል። ይጠቅማል? ዜግነት አልወሰድኩም፤ የግሪን ካርድ ባለቤት ነኝ። እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ መግባትስ ይፈቀድልኛል?»

መልስ፦

ከፌዴራሉ ሕግ ልጀምር፤ ግራ መጋባቱ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በኖቬምበር 2019 የተፈረመውና ፓክት እየተባለ የሚጠራው ሕግ በእንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ ሁሉ አይሸፍንም። የሚቀጣው እንስሳን በሕይወት እያለ መጨፍለቅን፣ ማቃጠልን፣ ውኃ ውስጥ መድፈቅን፣ አፍኖ መግደልን፣ በሹል ነገር መውጋትን፣ በሌላም መንገድ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስንና ወሲባዊ ጥቃትን ነው፤ እሱም ድርጊቱ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላው ከሚዘልቅ ንግድ ጋር ሲያያዝ ወይም በፌዴራል ይዞታ ውስጥ ሲፈጸም ነው። ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት ይደርሳል። ሕጉ ይህን ያህል የጠበበበት ምክንያት አለው። ኮንግረስ በ1999 የጭካኔ ምስሎችን መሸጥ የሚከለክል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ስቲቨንስ በተባለው ጉዳይ፣ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ ሕጉ ከመጠን በላይ ሰፊ ስለሆነ የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ሻረው። በዚያው ዓመት ተጠብቦ እንደገና ወጣ። ያም ሆኖ የተከለከለው ቪዲዮው እንጂ ድርጊቱ አልነበረም፤ የ2019ኙ ሕግ የሞላው ይህን ክፍተት ነው። ጎረቤትዎ ጓሮ ውስጥ በብርድ የሚያድረው ውሻ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የእርሱን ዕጣ የሚወስነው ሕግ የተጻፈው ዋሽንግተን ሳይሆን በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ውስጥ ነው። የፊርማው ወረቀት ለኮንግረስ የተጻፈ ከሆነ አድራሻውን ዛሬውኑ ይለውጡት።

ሁለተኛው የተሳሳተ ግንዛቤ የስቴቱ ቅጣት አነስተኛ ነው የሚለው ነው። በአሁኑ ጊዜ ሃምሳዎቹም ስቴቶች ፌሎኒ የሚባለውን ከባድ ወንጀል በእንስሳት ጭካኔ ሕጋቸው ውስጥ አካትተዋል፤ የመጨረሻዋ ሳውዝ ዳኮታ በ2014 ገባች። በቨርጂኒያ ውሻን ወይም ድመትን አሠቃይቶ ከባድ ጉዳት ያደረሰ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። እዚህ ደረጃ ላይ የተደረሰበት መንገድ ለእርስዎ ጥያቄ ትልቅ ትምህርት ስላለው ጥቂት ልቆይበት።

በፌብሩዋሪ 2019 ሪችመንድ ውስጥ፣ በአንድ መናፈሻ፣ ቶሚ ተብሎ የታወቀ ውሻ ከአጥር ጋር ታስሮ የሚቀጣጠል ነገር ተርከፍክፎበት በእሳት ተያያዘ። አምስት ቀን ታግሎ ሞተ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ጥያቄውም እንደ እርስዎ ነበር፦ ቅጣቱ ይክበድ። ነገር ግን ሕጉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያገኝ ነበር። ቶሚን ያቃጠለው ሰው በነባሩ ሕግም በከባድ ወንጀል ሊከሰስ ይችል ነበር፤ ውሻው ሞቷልና። ያው ውሻ ቆዳው ተቃጥሎ በሕይወት ቢተርፍ ኖሮ ግን፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ የሆነ ሰው ሚስዲሚነር በሚባለው ቀላል ወንጀል ብቻ ነበር የሚጠየቀው። ሕጉ ከባድ ለመሆን ሬሳ ይጠይቅ ነበር ማለት ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የጸናው የቶሚ ሕግ የለወጠው ይህንን ነው፤ የእስራቱ ጣሪያ እዚያው አምስት ዓመት ላይ ቆሞ፣ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ውሻ ወይም ድመት ባይሞትም ድርጊቱ ከባድ ወንጀል ሆነ። የዓመቱ ቁጥር አልተነካም፤ የተነካው ሕጉ መሥራት የሚጀምርበት ቦታ ነው። በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ማሻሻያዎች ውስጥ እንስሳትን በእርግጥ ያተረፉት እንዲህ ያሉት ናቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ጎረቤት እንመለስ። መኮንኑ ጓሮው ውስጥ ቆሞ ሲመለከት ከፊቱ ሁለት የተለያዩ ድንጋጌዎች ነበሩ። አንደኛው የባለቤትን ግዴታ ይዘረዝራል፦ በቂ ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያ፣ ቦታ፣ እንቅስቃሴ፣ አያያዝና ሕክምና። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰ ሰው የሚቀጣው በገንዘብ ብቻ ነው፤ ጣሪያውም 250 ዶላር ነው፣ እስራት የለውም። ሁለተኛው የጭካኔ ድንጋጌው ራሱ ነው። አስፈላጊ ምግብን፣ ውኃን፣ መጠለያን ወይም አስቸኳይ ሕክምናን መንፈግ በዚህ ሥር ሲወድቅ እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። ያው የታሰረ ውሻ፣ እንደ ማስረጃው ጥንካሬ፣ ከሁለቱ በአንዱ ሊገባ ይችላል። መኮንኑ ደግሞ ያየውን ብቻ ነው የሚጽፈው።

ማሰርን በተመለከተ ቨርጂኒያ ከ2020 ወዲህ ጥሩ ደንብ አላት። የውጭው ሙቀት 32 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ዜሮ ሴንቲግሬድ፣ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ ወይም 85 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ ወይም የከባድ አየር ማስጠንቀቂያ ሲታወጅ፣ ውሻን ውጭ ማሰር በቂ መጠለያ እንደ መስጠት አይቆጠርም። የእንስሳት ቁጥጥር መኮንኑ፣ በተለምዶ አኒማል ኮንትሮል የምንለው፣ የዚያን ውሻ ሁኔታ መርምሮ ብርዱን ይችለዋል ካላለ በቀር ማለት ነው። እንግዲህ ያስቡት፤ እርስዎ የደወሉት ሌሊት ቢሆንም መኮንኑ የደረሰው በማግስቱ ከሰዓት፣ ፀሐይ ወጥታ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ከነበረ፣ ቆሞ የሚያየው ነገር ሕግን አይጥስም። የመጣውም መደበኛ ፖሊስ ከሆነ ይህን ደንብ ጨርሶ ላያውቀው ይችላል። ሰውየው ያልታሰረው ቅጣቱ ስላነሰ አልነበረም፤ የሌሊቱን ብርድ የመዘገበ ሰው ስላልነበረ ነው።

ለዚህ ነው የአሥር ዓመቱ ፊርማ ልቤን የማይሞላው። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዐቃቤ ሕጉን የሚያስጨንቀው የእስራቱ ርዝመት ሳይሆን ባለቤቱ ያደረገው ሆን ብሎ መሆኑን ማስረዳቱ ነው። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ተከሳሹ አጥብቆ ይከራከራል፣ ዳኛውም የመጀመሪያ ጥፋት ላይ ያን ያህል ለመፍረድ ያመነታል፤ መጨረሻው ክሱን ዝቅ አድርጎ መስማማት ይሆናል። በቨርጂኒያ ሌላም ችግር አለ። የእስራት ዘመንን የሚጨምር ረቂቅ ሕግ ሁሉ ለማረሚያ ቤቶች ምን ያህል ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትል ስሌት ይያያዝለታል፤ ገንዘብ የጠየቀ ረቂቅ ደግሞ በበጀት ኮሚቴ ውስጥ በጸጥታ ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ረጅም እስራት የሚመጣው ጅብ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት ውሻ ናት። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ስቴት ስሠራ፣ ከአንድ ቤት ጓሮ ተወስዳ መጣች። የአንገቷ ማሰሪያ የተደረገላት ገና ቡችላ ሳለች ነበር፤ እርሷ አደገች፣ ማሰሪያው አልላላም። የእንስሳት ሐኪሙ ሥጋዋ ውስጥ የሰመጠውን ናይለን እያነቀለ ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አይጠፋም። ባለቤቱ ተከሰሰ። ከዚያ ቀጠሮው መተላለፍ ጀመረ፤ ጠበቃው ታመመ፣ ምስክር ቀረ፣ ዳኛው ተቀየረ። በዚያ ስቴት ሕግ መሠረት ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ውሻዋ የተከሳሹ ንብረት ስለሆነች ለሌላ ቤተሰብ መስጠት አልተቻለም። አሥራ አንድ ወር በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆየች። የአንገቷ ቁስል በሦስተኛው ወር ሻረ። እርሷ ግን ሰው ሲጠጋት ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረች። በመጨረሻ ሰውየው ተፈረደበት፤ ፍርዱም ከባድ ነበር። እርሷን ለማሳደግ የሚደፍር ቤተሰብ ግን በዚያን ጊዜ አልተገኘም።

የዚያን ዓይነቱን በደል የሚከላከል ሕግ አለ፤ ቨርጂኒያም አላት። እዚህ እንስሳ ሲያዝ የወንጀሉ ክስ ሳይጠበቅ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ችሎት ይቀመጣል፤ ዳኛው በደል መድረሱን ካመነ እንስሳው ከባለቤቱ ተነጥቆ ለሌላ እንዲሰጥ ያዝዛል፣ የመጠለያውንም ወጪ ባለቤቱ እንዲከፍል ያደርጋል። ይግባኝ የሚጠይቅ ባለቤትም ለእንስሳው ማቆያ ዋስትና ሊያስይዝ ይገባል። ብዙ ስቴቶች ይህን ያህል የተሟላ ሥርዓት የላቸውም። ስለዚህ በሌላ ስቴት የሚኖሩ ወገኖች ይህን ጥያቄ ቢያነሱ መልሴ አጭር ነው፦ መጀመሪያ የምትጠይቁት ፈጣን ችሎትና የወጪ ዋስትና ይሁን።

ቨርጂኒያ የጎደላት ሌላ ነው፤ የእኔም ምክር እዚህ ላይ የጸና ነው። የጭካኔ ድንጋጌው ጥፋተኛ የተባለ ሰው ወደፊት እንስሳ እንዳይኖረው ፍርድ ቤቱ «ሊከለክል ይችላል» ይላል። አንዷን ቃል ያስተውሉ፦ ይችላል። አይገደድም። ዳኛው ካልተጠየቀ፣ ወይም ጉዳዩ ተቻችሎ ካለቀ፣ ያ ሰው ከችሎት እንደ ወጣ በመንገዱ ላይ ሌላ ቡችላ ገዝቶ ወደ ቤቱ መግባት ይችላል፤ የሚከለክለው ሕግ የለም። «ይችላል» የሚለው «አለበት» ቢባል፣ ለተወሰኑ ዓመታት ባለቤትነት መከልከሉ ግዴታ ቢሆንና እገዳውን መጣስ ራሱን የቻለ ወንጀል ቢሆን፣ ከአሥር ዓመት እስራት ይልቅ ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ለማረሚያ ቤት የሚጠይቀውም ወጪ እምብዛም ስለሆነ በበጀት ኮሚቴው በኩል የማለፍ ዕድሉ የተሻለ ነው። ፊርማችሁን ወደዚህ አዙሩት።

አቅም ከተረፋችሁ ሁለተኛው ጥያቄ የቶሚ ሕግ ውሻና ድመትን ብቻ መጥቀሱ ነው። ፈረስን ወይም ፍየልን በዚያው መንገድ ያሠቃየ ሰው፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ፣ አሁንም በቀላል ወንጀል ነው የሚጠየቀው። ይህን ማስፋት ግን ከእርሻ ባለቤቶች ተቃውሞ እንደሚገጥመው ከወዲሁ ልንገርዎ። የበዳዮች ስም በይፋ መዝገብ ይለጠፍ የሚለውን፣ ቴነሲ በ2016 የጀመረችውን መንገድ፣ አልመክርም፤ መዝገቡ የሚያስመዘግበው የተፈረደበትን ጥቂት ሰው ብቻ ነው፣ ጥፋቱ ደግሞ ወደ ፍርድ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ኮነቲከት ከ2016 ጀምሮ ጠበቆችና የሕግ ተማሪዎች በእንስሳው ስም ለፍርድ ቤቱ አስተያየት እንዲያቀርቡ መፍቀዷ ግን ሊጠና የሚገባው ነው፤ ሥራ የበዛበትን ዐቃቤ ሕግ ያግዛል።

አንድ ነገር ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። ቤት ውስጥ ሴትን ወይም ልጅን የሚደበድብ ሰው ብዙ ጊዜ የቤቱን እንስሳ መያዣ ያደርገዋል፤ «ከሄድሽ ውሻውን እገድለዋለሁ» የሚለው ዛቻ ስንቷን እናት በር ላይ እንደመለሳት የሚያውቁት የመጠለያ ሠራተኞች ናቸው። ሜይን በ2006 በፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ውስጥ እንስሳትን በማካተት የመጀመሪያዋ ሆነች፤ በቨርጂኒያም ዳኛ የቤት እንስሳውን ለአመልካቿ መስጠት ይችላል። ይህን የሚያውቁ የእኛ ሰዎች ጥቂት ናቸውና ለሚያስፈልጋት ይንገሩ።

ፊርማ ስታሰባስቡ ከማኅበረሰባችን በተደጋጋሚ የምትሰሙት ጥያቄ «የፋሲካን በግ ሊከለክሉን ነው ወይ?» የሚል ይሆናል። አይደለም። የጭካኔ ሕጉ የእርሻ ሥራን ለይቶ ያስቀምጣል፤ በ1958 የወጣው የፌዴራል የእርድ ሕግም በሃይማኖት ሥርዓት መሠረት በስለታም ቢላ በአንድ ጊዜ የሚፈጸምን እርድ ሰብዓዊ ዘዴ ብሎ ተቀብሎታል። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር ግድ ይለኛል። በዓል ሲደርስ ከገጠር እርሻ የተገዛ በግ አራት እግሩ ተጠፍሮ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተዘግቶበት ሰዓት ሙሉ ሲጓዝ አይቻለሁ። ክዳኑ ሲከፈት ምላሱ ወጥቶ፣ ዓይኑ ተገልብጦ ነበር። ይህ ከእምነታችንም ከባህላችንም የመጣ ትእዛዝ አይደለም፤ በቨርጂኒያ ደግሞ እንስሳን ሥቃይ በሚያስከትል ሁኔታ በተሽከርካሪ ማጓጓዝ በዚያው በጭካኔ ድንጋጌ ውስጥ በስም ተጠቅሷል። በመኖሪያ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ማረድም የከተማውን ደንብ ሊጥስ ይችላል። እዚያው እርሻው ላይ ማሳረድ የሚቻልበትን ቦታ ይፈልጉ። ሕግ ይጥበቅ ብለን ስንነሣ ከራሳችን እጅ መጀመር አለብን።

ግሪን ካርድዎን በተመለከተ፣ መንግሥትን አቤት ማለት ለዜጎች ብቻ የተሰጠ መብት አይደለም። ለምክር ቤት አባል መጻፍ፣ ቢሮው ሄዶ ማነጋገር፣ ኮሚቴ ፊት ቆሞ መመስከር ይችላሉ። ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ግን አሉ። «የተመዘገብኩ መራጭ ነኝ» ወይም «እንደ አሜሪካዊ ዜጋ» የሚል ቃል ባለበት ወረቀት ላይ በፍጹም አይፈርሙ፤ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገር በስደተኞች ሕግ ይቅርታ የማይገኝለት መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ በእንስሳት ማዋጋት መከሰስ፣ ውሻም ይሁን አውራ ዶሮ፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው ከእስራቱ በላይ ያስፈራል፤ የስደተኞች ይግባኝ ቦርድ የማዋጋት ወንጀል ከአገር ሊያስባርሩ ከሚችሉ ነውረኛ ወንጀሎች የሚቆጠር ነው ብሎ ወስኗል።

ሌላም ልብ ይበሉ። በቨርጂኒያ ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ሕግን በቀጥታ ለድምፅ ማቅረብ አይችልም፤ እንደ ካሊፎርኒያ አይደለም። አንድ ሺህ ፊርማ ረቂቁን የሚያቀርብ አንድ የስቴቱ ሴናተር ወይም ዴሊጌት (የታችኛው ምክር ቤት አባል) ካልተገኘለት ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል፣ የሚሠራውም ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ ረቂቆች የሚዘጋጁት ከዚያ በፊት በመጸው ወራት ነው። ስለዚህ የሰፈርዎን ዴሊጌት በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር ያነጋግሩ፤ አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ፣ በእርሱም ላይ ያቺን «ይችላል» የምትለውን ቃል አስምረው ያሳዩ። ከተሳካ ሕጉ በሚቀጥለው ጁላይ 1 ይጸናል።

ያ ውሻ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ሰንሰለቱን ቆርጠው እንዳይወስዱት፤ ውሻ በቨርጂኒያ ሕግ የግል ንብረት ነው፣ መውሰዱም ስርቆት ነው፤ ግቢ መግባቱም ለብቻው ያስጠይቃል። ሰውየውን የማነጋገር ዕድል ካለ መጀመሪያ ይሞክሩት፤ ስለ ሕግ ሳያነሡ፣ ለውሻው ቤት ጭድ እንዲያመጡለት ይጠይቁት። ብርድ ልብስ አይስጡ፣ እርጥበት መጥጦ ይበርዳል፤ ደረቅ ጭድ ነው ሙቀት የሚይዘው። እምቢ ካለ ደብተር ያውጡና ከራስዎ መስኮት ሆነው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሙቀት፣ የውኃ ዕቃው በረዶ መሥራቱን ይመዝግቡ፣ ፎቶ ያንሡ። ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ፋራናይት ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ በዚያው ሰዓት ለካውንቲዎ አኒማል ኮንትሮል ይደውሉ፤ የጥቆማውን ቁጥር ይቀበሉና ከደብተሩ ላይ ይጻፉት። ሦስት ጊዜ ደውለው ለውጥ ካላዩ የመኮንኑን አለቃ በስም ጠይቀው ደብተሩን ያሳዩ፤ ከዚያም ካልሆነ የእስር ማዘዣ መስጠት የሚችል ማጂስትሬት የሚባል የፍርድ ቤት ባለሥልጣን ፊት ቀርበው ቃልዎን በመሐላ ይስጡ። አስተርጓሚ ከፈለጉ በስልክ እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ፤ በቋንቋ ምክንያት ወደ ኋላ አይበሉ።